የአምባሰል ቁልፍ

«ኧረ እሱን ሳጥን አውርጂውና እግርሽ ሥር አድርጊው! እንደ ጡት ልጅ ታቅፈሽው መርሳ ልትገቢ ነው?» አለ ሲሳይ። ግማሽ ጎኑ ከባጃጁ ውጪ ተንጠልጥሏል፤ የቀረው ግማሽ በጊታሩና በገመድ ካርቶኑ መሀል ተጣብቋል።

«መንገዱ ይነቀንቀዋል» አለች ረሂማ፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እኔንስ አይነቀንቀኝም?»

«አንተን ቢነቀንቅህ ከውስጥህ የሚጠፋ ነገር የለም።»

ሚስባህ መሪውን እንደያዘ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ሲስቅ ባጃጁም አብራ ትስቃለች፤ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሸርተት ብላ ተመለሰች። «ወላሂ እናንተን መጫን ሁለት ድመት በአንድ ጆንያ መጫን ነው» አለ።

ሲሪንቃን አለፉ። ከመንገዱ ዳር የተዘራው ማሽላ የሚያጭደው ሰው አጥቶ ቆሞ ደርቋል። ትንሽ ወረድ ብሎ ተቃጥሎ የቀረ የጭነት መኪና አለ፤ ጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ። ጥር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ወር ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው መንገድ በሠርግ መኪና ጥሩምባ ይደነቁር ነበር። አሁን ግን ጦርነቱ ከከተማው ከወጣ ገና ሳምንታት ነው። መብራት አልመጣም፣ ስልክ አይሠራም። ሰውም ቢሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ገና አልለመደም፤ ገበያ ላይ እንኳ ሽንኩርት ሻጯ ዋጋ የምትናገረው ወደ ጆሮ ተጠግታ ነው።

ረሂማ ይህን ቀን ስትጠብቀው ነው የከረመችው። ባንዳቸው ተበትኗል። ድራም መቺው አዲስ አበባ ቀርቷል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘምቷል፤ ድራሙም፣ ኪቦርዱም፣ ትልልቆቹ ሞንታርቦዎችም ተዘርፈው ሄደዋል። የተረፈው ዘፋኙና አለቃው ሲሳይ፣ አንድ ትንሽ ሞንታርቦ፣ አንድ አሮጌ ከበሮ፣ እና ረሂማ ከነጊታሯ ነው። ሲሳይ ደግሞ ደሴ ላይ ሂሻም የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች አግኝቷል። «ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ዋሽንቱም በአንድ ጣቱ ነው» እያለ ያወራለታል። ለረሂማም አልደበቃትም፤ የዛሬውን ሠርግ በጊታሯ ከያዘችው ቦታዋ የሷ ነው፤ ካበላሸችው ከነገ ጀምሮ ሂሻም ይመጣል፣ እሷም እናቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ሳሙና ትሸጣለች። ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱም የሚኖረው በዘፈን ነው፤ አንድ የተበላሸ ሠርግ ደግሞ በአንድ ሳምንት ገበያ ሐራ ድረስ ይወራል።

እቅፏ ውስጥ ያለው ሳጥን ነገር እንዲህ ነው። ጊታር ብቻውን ሲሆን ያለው አንድ አንደበት ነው። እግር ሥር የሚደረደሩት ትንንሽ ብረቶች፣ ፔዳል የሚባሉት፣ ያን አንደበት ይለውጡታል። አንዱ የገደል ማሚቶ ይሰጠዋል፤ አንዱ አወፍሮ ከታች እንደ ቤዝ ያስተጋባዋል፤ አንዱ እንደ ማሲንቆ ያንቀጠቅጠዋል፤ አንዱ ደግሞ ያሻክረዋል፣ ያስጮኸዋል። ጣጣው እያንዳንዱ የየራሱ መርገጫ ያለው መሆኑ ነው። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ለመሻገር አንዱን ማጥፋት፣ ሁለቱን ማብራት፣ ያውም ምቱ ሳይቆም። ረሂማ ይህን ሁሉ የምታደርገው ረጅም አባያ ለብሳ ነው። አንድ ጊዜ ቆቦ ላይ ሠርግ ስትጫወት የቀሚሷ ጫፍ ፔዳል ላይ ተያዘባትና አቀርቅራ በእግሯ ስትዳብስ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ «ይቺ ልጅ ጥሬ ጠፍቷት ነው እንደ ዶሮ የምትጭረው?» ብሎ ዳሱን በሳቅ አናጋው። ከዚያ ወዲህ ሲሳይ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «ዶሮዋ» ይላታል።

ከዚያ መከራ ያወጣት ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቷ አሚና የላከችላት ይህ ሳጥን ነው። ፔዳሎቹ ሁሉ በየገመዳቸው እሱ ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚታዘዙት ለሱ ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚበራ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ይይዛል። ከዚያ አንድ ቁልፍ መርገጥ ብቻ ነው። ልክ እንደ ድግስ ቤት አዛዥ ነው፤ አንዴ ከተነገረው ለእያንዳንዱ ሥራውን ያድላል። ረሂማ ከአምስቱ ቁልፎች አራቱን በአራቱ ቅኝቶች ስም ጠራቻቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አምስተኛው ዝም ማሰኛ ነው። ሦስተኛውን፣ አምባሰልን፣ ስታሰናዳ ምንም አልሰሰተችም፤ ማሚቶውንም፣ ወፍራሙንም፣ ሻካራውንም አንድ ላይ ለቀቀችበት። አምባሰል እኮ ገደል ነው፤ ገደል ጫፍ ቆሞ ቀስ ብሎ የሚጣራ ሰው የለም ብላ።

ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ እናቷ ጊታሩን ቆጥ ላይ፣ የቀረውን ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ ዶሮ ቤት ውስጥ ከኩሱ ሥር ቀበረችው። ፈታሾች ቤቱን ገለባብጠው ዶሮ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። ረሂማ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የጓዳው ወለል ላይ በከሰል አምስት ክብ ሥላ፣ በየቀኑ በር ዘግታ በባዶ እግሯ ስትረግጥ ከረመች። ድምፅ የለ፣ ገመድ የለ፤ እግሯ ብቻ መንገዱን ተማረ። እናቷ ስታያት «ያ ረቢ፣ ልጄን ምን አስነካብኝ?» እያለች ትብሰለሰል ነበር።

መርሳ ሲደርሱ የአቶ አብዱልሐሊም ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሥጋው እየተከተፈ ነበር። አቶ አብዱልሐሊም ግራና በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ እህል የሚነግዱ፣ ፂማቸውን ሂና የቀቡ ሰው ናቸው። የልጃቸው የናጅዋ ሠርግ ሁለቴ ተቀጥሮ ሁለቴ ቀርቷል፤ አንዴ ጦርነቱ ሲገባ፣ አንዴ መንገድ ሲዘጋ። እንግዶቹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ወደ ዳሱ ሳይሆን ወደ ጥግ ወሰዷቸው።

«አላህ ያክብራችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ ነው» አሉ። በአገጫቸው የቆርቆሮውን አጥር አሳዩ። «ያ የእትዬ ውባለም ቤት ነው። ጎረቤቴ ናት፣ እህቴ ናት፤ ልጆቻችን በአንድ ትሪ ነው ያደጉ። ነሐሴ ላይ ልጇን አጣች። ብቸኛ ልጇን። እንግዲህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ልከን አስፈቀድን። ‹ዝፈኑ፣ እኔን አትዩኝ› አለች።»

«ከፈቀዱ ታዲያ...» አለ ሲሳይ።

«እሷማ ጨዋ ናት፤ ሌላ ምን ትላለች? እኛስ ዓይን የለንም ወይ? ከበሮ አይመታም። እልልታም የለም፣ ሴቶቹን ነግሬያቸዋለሁ። ጊታሩም ቢሆን እንዲያው ቀስ... ከአጥር አይለፍ። ሰው ምን ይለናል?»

ሲሳይ ራሱን ነቀነቀ፣ ደረቱን በእጁ ነካ፣ ኢንሻ አላህ አለላቸው። ዘወር ሲሉለት ግን ረሂማን ከባጃጁ ጀርባ ጎትቶ ወሰዳት።

«ሠርግ ነው ወይስ ሐኪም ቤት? ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ፣ ያለ ድምፅ! በጣቴ ነው የምዘፍነው? እውነቱን እንንገራቸውና እንመለስ። ሂሻም ቢሆን ኪቦርዱን ዝቅ አድርጎ ከበሮውን ከውስጥ...»

«ሂሻም የለም» አለች ረሂማ። «ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ረሂማ...»

«ሻካራውን ከሁሉም አወጣዋለሁ። ወፍራሙን ቀስ አድርጌ በአውራ ጣቴ እመታበታለሁ፣ እሱ ከበሮ ይሆነናል። በዘፈንና በዘፈን መሀል ክፍተት አላስገባም። ክፍተት ሲገባ እኮ ነው ሠርጉ ልቅሶ የሚመስለው። ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጠኝ።»

ሲሳይ አያት። ፊቷ ላይ ያየው ነገር ማሾፊያ የሚሆን አልነበረም። «አንዴ ብትሰናከዪ...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል።»

ሚስባህ የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ አመጣላት፤ ፔዳሎቹም፣ ሳጥኑም፣ ሞንታርቦውም የሚኖሩት በሱ ነው። «ይሄን ከጨረስሽብኝ» አለ ገመዱን እያሰረ፣ «እየገፋሽ ወልድያ ትወስጂኛለሽ፤ ሲሳይ ደግሞ ከኋላ እየዘፈነ።» ረሂማ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሳጥኑን ፊቷ አደረገች።

አዲስ ነገር ሲነገረው ሳጥኑ አንድ ጠባይ አለው። ፔዳሎቹ ከተመረጡ በኋላ ቁልፉ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጭኖ መያዝ አለበት። ያኔ ያጸናዋል። ካልተያዘለት ግን መብራት ሲቋረጥ የተነገረውን ሁሉ ይረሳና የድሮውን ይዞ ይነሳል። ረሂማ ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ትዝታን አለሳለሰችው፣ ተጭና ያዘች፣ ብልጭ ብልጭ አለ። ባቲን እንዲሁ። አንቺ ሆዬንም እንዲሁ። አምባሰልን ለመጨረሻ አስቀረችው፤ እንዲያው እጇ አልታዘዝ አላት።

«አንቺ ነሽ ጊታር የምትመቺው?»

ቀና ስትል ሙሽራይቱ ናት። ናጅዋ በአንድ እጇ የቀሚሷን ዘርፍ ሰብስባ፣ ሂናው ያልደረቀውን ሌላ እጇን አየር ላይ ዘርግታ፣ ከሴቶቹ አምልጣ መጥታለች።

«እኔ ነኝ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«ደስ ይበለኝ አይበለኝ ገና አላወቅሁም» አለች ናጅዋ። «አባቴ የነገራችሁን ሰምቻለሁ። ይሁን፣ እኔም ጎረቤቴን አልበድልም፤ እትዬ ውባለም ጠጉሬን ሠርታ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ግን ስሚኝ እህቴ፤ ሁለት ጊዜ ሂና ተቀብቼ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ከዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ እንጂ ሬሳ ሆኜ መውጣት አልፈልግም። በምትችዪው አድርጊልኝ።»

«አብሽሪ» አለች ረሂማ። «አብሽሪ፣ ትወጫለሽ።»

ከቤት ውስጥ «ናጅዋ! የት ገባች ይቺ ልጅ?» የሚል ተሰማና ሙሽራይቱ ሹልክ ብላ ሄደች። ረሂማ ወደ ሦስተኛው ቁልፍ ተመለሰች። ሻካራውን አወጣችው። ወፍራሙን ዝቅ አደረገችው። አንዴ ክሯን ነካ አድርጋ አዳመጠች፤ ገርቷል፣ አደብ ገዝቷል። ጣቷን ቁልፉ ላይ ልታሳርፍ ስትል ከታች ካለው መስጊድ አዛን ተሰማ። ሞአዚኑ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በባዶ ጉሮሮው ነበር የሚጣራው። የረሂማ እጅ ከራሷ ቀድሞ ሄዶ ባትሪውን ነቀለው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ እቤት ሬዲዮም ይሁን ቴፕ፣ አዛን ሲል መጀመሪያ የሚዘጋው የሷ እጅ ነበር። አንገቷን ደፍታ እስኪያበቃ ጠበቀች።

ሰጋጁ ሰግዶ ሲመለስ ሲሳይ እየሮጠ መጣ። «ተነሺ ተነሺ! የሙሽራው ወገን ድልድዩ ጋ ደርሰዋል ተብሏል።» ሳጥኑን አነሳችና ተከተለችው።

ዳሱ ሰው ሞልቶታል፤ ግን ዝም ያለ ሰው ነው። ሴቶቹ በአንድ ወገን አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው፣ ወንዶቹ በሌላው ወገን ጉልበታቸውን አቅፈው። የሚሰማው ሳህን ሲነካካ ብቻ ነው። ረሂማ ሳጥኑን አባያዋ ጫፍ ሥር አስተካከለች፣ ባትሪውን መልሳ ሰካች፣ የጊታሩን ድምፅ ወደ ሩብ አወረደች፣ ትዝታን ረገጠች።

ለስላሳ ነበር። ድምፁ ከሞንታርቦው ወጣና እዚያው እግሯ ሥር ተኛ። አውራ ጣቷ ወፍራሙን ክር ዱብ ዱብ ሲያደርገው ሲሳይ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ ከዚያም በጉንጩ ብቻ እንደሚዘፍን ሰው ቀስ ብሎ ገባበት። ከትዝታው ወደ ባቲ ሲሻገሩ ክፍተት አልነበረም፤ አንድ ርግጫ፣ በቃ። ሲሳይ አንዴ ዞር ብሎ አያት። አላቀረቀረችም። ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ፣ ከአንቺ ሆዬ ተመልሶ ወደ ትዝታ። ከሴቶቹ መሀል አንዷ በሁለት ጣቷ መዳፏን መታ መታ ማድረግ ጀመረች፤ ጎኗ ያለችው ተቀበለቻት። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ሳያስፈቅዳቸው ንቅንቅ አለ፤ ወዲያው አፍረው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሠርጉ እንደ ረመጥ ነው፤ አይነድም፣ ግን ሞቋል። ይዤዋለሁ አለች ረሂማ በልቧ፤ ወላሂ ይዤዋለሁ።

ከዚያ የሙሽራው ወገን ገቡ። ሁሉም ተነሣ። ናጅዋም ዓይነ ርግቧን ተከናንባ ብቅ አለች። ሲሳይ ይህን ጊዜ ለሌላ ቅኝት አይሰጠውም፤ አምባሰልን አነሳ። ረሂማ ሦስተኛውን ረገጠች።

ሞንታርቦው አገሳ።

ድምፁ ሩብ ላይ ነበር፣ ግን ሻካራው ሩብ አያውቅም። ወፍራሙ ከሥር ምድሩን አንቀጠቀጠ፣ ማሚቶው ያንን ወስዶ ከቆርቆሮው ጋር አላተመው፣ ቆርቆሮው መልሶ ለግቢው ሰጠው። አንድ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ሁለት ሰው ከጦርነቱ በቀረ ልምድ መሬት ላይ ተወረወሩ። ረሂማ ዝም ማሰኛውን እስክትረግጠው ድረስ የአንድ እስትንፋስ ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ሞልቶ ፈሷል። ድምፁ ቆሞም ማሚቶው ከአጥሩ ማዶ ሲሄድ የተሰማ መሰላት።

አዛኑ! ተጭና ሳትይዘው ነው ባትሪውን የነቀለችው። ሳጥኑ የድሮውን ይዞ ተነሣ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ አቶ አብዱልሐሊም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲሳይ ማይኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቀረ፤ ወደ ረሂማ አልዞረም፣ አለመዞሩ ከስድብ ከፋ። አንዷ ሴት «ዋ ልጄ! ምን ጉድ አመጣሽብን» አለች።

ያኔ የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ።

እትዬ ውባለም ረጅም ሴት ናት። ጥቁር ለብሳ፣ የተላጨ ራሷን በጥቁር ነጠላ ሸፍና፣ ማንንም ሳትገፋ መጣች፤ ሰው ግን እየተከፈለ መንገድ ሰጣት። ረሂማ ጊታሩን ጥላ ከባጃጁ ጀርባ መደበቅ ትችል ነበር። እግሯም አምሮት ነበር። ቆመች።

«ያን ያደረገ ማነው?» አለች እትዬ ውባለም።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ረሂማ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነባት፣ አስተካከለችው። «የሌላ ሰው ጥፋት የለበትም፣ የኔ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

አቶ አብዱልሐሊም ጣልቃ ገቡ። «እህቴ፣ ልጅቷ ሳታውቅ ነው። ቀስ በሉ ብለናቸው ነበር፣ በአላህ...»

«ቀስ በሉ ያልከው አንተ ነህ?»

«እንግዲህ ላንቺ ብለን...»

«አብዱልሐሊም፣ እኔ ምን ብዬ ላክሁብህ?»

«‹ዝፈኑ› ብለሻል።»

«ታዲያ ዝፈኑ ማለት በየትኛው አገር ነው አንሾካሹኩ ማለት?» ቁጣ አልነበረውም ድምፅዋ፤ ደክሟታል። «ከጠዋት ጀምሮ አጥሬ ሥር ሹክሹክ ትላላችሁ። ሳህን እንኳ በጨርቅ ይዛችሁ ነው የምታስቀምጡ። እኔ እዚያ ተኝቼ ምን ሳስብ እንደ ዋልኩ ታውቃለህ? እነዚያ ታጣቂዎች ተመልሰው መጥተው ነው ወይ እያልኩ።»

ናጅዋ ከዓይነ ርግቧ ሥር ስታለቅስ ትከሻዋ ይታያል።

እትዬ ውባለም ዳሱን አንድ ጊዜ ዞራ አየችውና ዓይኗ መልሶ ረሂማ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ለሷ ብቻ እንደሚናገር ሰው ነበር። «ልጄን የቀበርነው በችኮላ ነው፤ እነሱ መንገዱ ላይ ነበሩ። እኔ ስጮህ ሴቶቹ አፌን በነጠላ ያዙት። ‹ዝም በይ፣ ይሰሙናል፣ ሁላችንንም ታስጨርሽናለሽ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ያዘሉ ነበሩ። ዝም አልኩ። ያ ጩኸት እንግዲህ ወዴት ይሄዳል? እዚህ ነው ያለ።» ጉሮሮዋን በሁለት ጣቷ ነካች። «ቅድም የናንተው ብረት ሲጮህ ከአልጋዬ ብድግ አልኩ። እኔ የጮህኩ መሰለኝ።»

«አብሽሪ» ማለት ረሂማ አፏ ላይ መጣ፣ አነሰባት፣ ተወችው።

«የቱ ነው?» አለች እትዬ ውባለም፤ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን እያየች።

«ሦስተኛው ነው፣ እማማ። አምባሰል ነው የምለው።»

«አምባሰል።» ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። «የሚረገጥ ነው?»

«አዎ። በእግር ነው።»

አሮጊቷ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች። አቶ አብዱልሐሊም አንድ እርምጃ ወደፊት መጡና አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዘው አስቆሟቸው። ሲሳይ ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ረሂማ ገመድ ሊነቅል መሰላት። እሱ ግን ሄዶ ሞንታርቦውን በሁለት እጁ አቅፎ አነሳው፣ አዞረው፣ አፉን ወደ አጥሩ በር አድርጎ አስቀመጠው። ተመልሶ ማይኩን ሲያነሳ «እስከ ምን ድረስ ከፍ እናድርገው?» አላት። የጠየቃት አለቃ እንደሆነ ሰው አልነበረም።

ረሂማ የጊታሩን ድምፅ ከሩብ አነሳችና እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ የሚዞር ቦታ የለውም።

የእትዬ ውባለም እግር የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ያለው ሰፊ እግር ነው። ጣቶቿን ዘርግታ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው፤ ለመጫን አልቸኮለችም። በአንድ እጇ የረሂማን ትከሻ ተደገፈች። ክብደቷን ረሂማ ተሸከመችው።

«ልርገጠው?»

«ይርገጡት።»

ቀዩ መብራት በራ። ሞንታርቦው ገና ምንም ሳይነካ ማንጎራጎር ጀመረ። ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ሲጠብቅ ተሰማት፤ ጎኗም ላይ አሮጊቷ አየር ስትስብ፣ ብዙ፣ እስከ ሆዷ ድረስ።

ረሂማ እጇን ወደ ክሩ አነሳች።